ቁጥር ሦስት በበዓለ ሃምሳ

ጉተማ ቢራ ሥጋ ሻጭ ነው፤ እንደው ዝም ብሎ ሥጋ ሻጭ ግን እንዳይመስላችሁ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወረድ ብሎ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች መኪናቸውን ደርድረው ምሳ የሚበሉበት ሰፈር ገብታችሁ «ጥሩ ቁርጥ የት አለ?» ብትሉ፣ የጠየቃችሁት ሰው እጁን ከኪሱ ሳያወጣ በአገጩ ነው የሚያሳያችሁ። በሩ ላይ «ቢራ ሥጋ ቤት» የሚል ተጽፏል። ቢራ የአባቱ ስም ነው። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ግን ቀዝቃዛ ቢራ ያገኘ መስሎት ይገባና፣ የለም ሲሉት «አንዴ ከገባሁማ» ብሎ ግማሽ ኪሎ አዝዞ ይቀመጣል።

አባትየው ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ መጋዘን ነው። መሬቱ ሲሄድ በሬዎቹ ቀሩ፤ በበሬዎቹ ሥጋ ቤት ከፈቱ፤ ከሥጋ ቤቱም ጋር አንድ ልማድ ለልጃቸው አወረሱ። ጠዋት ሥጋው ተሰቅሎ የመጀመሪያው ደንበኛ ሲገባ፣ ባለቤቱ ከሻኛው አንድ ጉራጅ ቆርጦ በሰው ፊት ራሱ ይበላል። «እኔ ያልቀመስኩትን ሰው አላበላም» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ጉተማም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከጾም ቀን በቀር፣ ይህን ሳያደርግ ለደንበኛ ቢላ አንስቶ አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት በየጠዋቱ ጥሬ ሻኛ! መጨረሻውን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሐኪም ግን ነገረችው።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ብዥ አለውና ክሊኒክ ገባ። ደሙን ወሰዱ፣ አስጠበቁት፣ ጠሩት። ዶክተሯ ልጁ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት ናት። መጀመሪያ ወረቀቱን አየች፣ ቀጥላ እሱን አየችው።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ንግድ» አለ ጉተማ። ውሸት አይደለም።

«ስኳርዎም የደምዎ ስብም ከፍ ብሏል። ክኒን እጽፍልዎታለሁ፤ ክኒኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ለሁለት ወር ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላልና ወተት የለም። ዘይቱንም ይቀንሱ። በሁለት ወሩ ካልወረደ ወደ መርፌ ነው የምንሄደው።»

«ታዲያ ምን ልብላ?»

«ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ እህል። ውጭ አገር ቪጋን ይሉታል። ቀላልና ርካሽ የሆኑ የአሠራር መጻሕፍት አሉለት፤ አንዱን ፈልገው ለባለቤትዎ ይስጧቸው።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ይደርሳል» ብሎ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው ጥብስ ቤት ይገባ ነበር። ጉተማ ግን ታደሰ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው። ታደሰም ስኳር አለበት፤ ታደሰም «ይደርሳል» ብሎ ነበር። ዛሬ አቃቂ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ሲቀመጥ፣ አንደኛው የሱሪው እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጉተማ ከክሊኒኩ ሲወጣ የገዛ እግሮቹን እያየ ነው የተራመደው። እውነቱን ለመናገር በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም።

ታዲያ ለሰው ለምን አይናገርም? ትሉ ይሆናል። ምግብ ሸጣችሁ አታውቁም ማለት ነው። «ጉተማ ታሟል» የሚል ወሬ ከወጣ፣ ምን ሕመም ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሥጋ ቆራጩ ታሟል፤ አለቀ። የእጁን ማን ይበላል? ለሚስቱስ? ወርቅውሃ ወርቅ የሆነች ሴት ናት፣ ምስጢርም ትጠብቃለች፤ ችግሩ ብቻዋን አትጠብቅም። ቱሉ ዲምቱ በሚኖሩበት ብሎክ ከታች እስከ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አብሯት ይጠብቃል።

ስለዚህ የዚያን ዕለት እንደ ዋዛ አድርጎ «ወርቄ፣ እስቲ ነገ ሽሮ ሥሪልኝ፤ የጾም» አላት።

ወርቅውሃ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «የምን?»

«የጾም። ያለ ቅቤ።»

«በሃምሳ?» አለች። «ጌታ ተነሥቶ፣ ረቡዕና ዓርቡ እንኳ ተፈትቶ፣ አንተ ልትጾም? ሃምሳ ቀን ሙሉ ብሉ ጠጡ ደስ ይበላችሁ ሲባል፣ ያውም ሥጋ ሻጭ! በቤቴ አይደረግም። አባ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

«ትንሽ ቀለል ልበል ብዬ ነው።»

«ቀለል? ለማን ነው የምትቀለው?» ብላ ዓይኗን አጠበበች። ጉተማ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። ያን ዕለት ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ደረቅ እንጀራ በሚጥሚጣ በልቶ ተኛ።

ሲነጋ ግን የዶክተሯ ነገር ትዝ አለው። መጽሐፍ አለች እኮ! ጾም የሚታወጀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ከመጽሐፍ የመጣ፣ ያውም ከውጭ አገር የመጣ፣ ያውም ቪጋን የሚባል ነገር በምን ሒሳብ ጾም ይሆናል? አንድ ቀላልና ርካሽ መጽሐፍ ያግኝ እንጂ፣ ወርቅውሃ የምትለው ነገር አይኖራትም።

ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ አጠገብ ሱፍያን የሚባል ልጅ እግር ነጋዴ መጽሐፍ ዘርግቶ ይሸጣል። ሱፍያን ሸራ ላይ የሌለ የለም፤ የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ፣ በሰባት ቀን ሀብታም መሆኛ፣ የሕልም ፍቺ። ጉተማ ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ አለ።

«የምግብ አሠራር አለህ? ሥጋ የሌለበት።»

ሱፍያን ቀና አለ። የቢራ ሥጋ ቤቱን ጉተማ የማያውቅ የቃሊቲ ሰው የለም። «ጋሽ ጉተማ! ለራስዎ ነው?»

«ለጓደኛዬ።»

«እሺ፣ ለጓደኛዎ» አለ ሱፍያን፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። መጀመሪያ ያወጣው በሁለት እጅ የሚነሳ፣ የሚያብረቀርቅ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በየገጹ የሳህን ፎቶ አለው፤ ሳህኑ ላይ ያለው ነገር ግን ለአንድ ጉርሻ አይበቃም። ሱፍያን የመጀመሪያውን ምግብ ተረጎመለት። አሥራ አራት ዓይነት ነገር ይፈልጋል፤ ከአሥራ አራቱ ሱፍያን የሚያውቀው ሎሚና ጨው ብቻ ሆነ።

«ይሄ ኪኖዋ ያልከው ምንድን ነው?»

«ጤፍ ያጣ አገር የሚበላው ነገር ነው መሰለኝ።»

«ስንት ነው መጽሐፉ?»

«ሦስት ሺህ።»

«ለጓደኛዬ ይበዛበታል።»

ሁለተኛው ረከስ ያለ ነው፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ የዱባና የካሮት ጭማቂ ብቻ እየጠጡ መክሳት የሚያስተምር። ጉተማ አገላብጦ መለሰው። «ጓደኛዬ የበሬ ብልት ተሸክሞ ነው የሚውለው። ሁለት ቀን በጭማቂ ከቆየ በሦስተኛው እሱን ነው ተሸክመን የምንውለው።»

ሱፍያን ራሱን አከከና ከካርቶኑ ሥር ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በስቴፕለር የተመታ ቀጭን ነገር ጎተተ። «ሠላሳ ቀላልና ርካሽ የቪጋን ምግቦች» ይላል። ትርጉም ነው፤ ማን እንደጻፈውም ማን እንደተረጎመውም አይታወቅም። ጉተማ ገለጠው። ቁጥር አንድ ሾርባ ነው። ቁጥር ሁለት ድንች ነው። ቁጥር ሦስት ላይ ሲደርስ ቆመና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። የሽምብራ ዱቄት፣ ይላል። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ እንደ ምርጫዎ። ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን ቀስ እያሉ መበተን፤ እንዳይጓጉል ያለማቋረጥ ማማሰል።

«ሱፍያን፣ ይሄ እኮ ሽሮ ነው!»

«ሽሮ የሚል የት አለ?»

ጉተማ ፈለገ። እውነትም የለም። ከላዩ «ለስላሳ የሽምብራ ድስት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጣዕም» የሚል ነው የተጻፈበት።

«ይሄንንማ ሚስቴም ታውቀዋለች» አለ፣ ጓደኛውን ረስቶ።

«ያውቁታል፤ ግን አልጻፉትም። ሁለት መቶ ብር።»

በመቶ ሰማንያ ተስማሙ።

ወርቅውሃ መጽሐፉን በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ቁጥር ሦስትን ሁለት ጊዜ አነበበች። «ይሄ ሽሮ ነው» አለች።

«አይደለም። ቁጥር ሦስት ነው።»

«የጾም ሽሮ ነው!»

«ጾም የሚል የት አለ? ፈረንጅ በሁዳዴም በሃምሳም ይበላዋል። ለጤና ነው፤ ዘመናዊ ነው። ቪጋን ይባላል።»

ወርቅውሃ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠች። ጾም የሚል ቃል አጣች። ኃጢአት እንዳልሆነ ከተረጋገጠላት በኋላ የከነከናት ሌላ ነው። «ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ? ወይ ጉድ! ይሄን የጻፈው ሰው ሚስት የለችውም እንዴ?» እያለች እያማረረች ሠራችው። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ቤት የምግብ ስም አልተነሳም። ምስሩ ቁጥር ሰባት ነው፣ ጎመኑ ቁጥር ዘጠኝ ነው፣ የሽምብራ ቆሎው ቁጥር አሥራ አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃውን ስታስይዘው «ዛሬ ቁጥር ሦስት ነው» ትለዋለች፤ እሱም «ጎሽ» ብሎ ይወጣል። ኃጢአት የት ገባ?

እቤት ያለው በቁጥር ተፈታ፤ ሥጋ ቤት ያለው ግን አልተፈታም። ሃምሳው ደግሞ ለሥጋ ሻጭ የመከር ጊዜ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይዘጋም። በመጀመሪያው ጠዋት ጉተማ እንደ ልማዱ ከሻኛው ቆረጠ፤ አፉ አጠገብ አደረሰና የታደሰ ሱሪ ትዝ ሲለው መልሶ አስቀመጠ። «ጥርሴን» አለ ጉንጩን ይዞ። በማግሥቱም ጥርሱ ነው። በሳምንቱም ጥርሱ ነው።

ይህን ከቆጠሩት አንዱ ዘካሪያስ ነው። ዘካሪያስ ሦስት የጭነት መኪና አለው፤ ሾፌሮቹን ምሳ ይጋብዛል፣ ራሱንም ሳይሰስት ይጋብዛል። ካሥር ዓመት በላይ በሩ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ የሱ ናት። ክፉ ሰው አይደለም። ዝም ማለት ብቻ ያመዋል።

አንድ ረቡዕ ዘካሪያስ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ዞር ቢል፣ ጉተማ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላል። አጠገቡ የሽምብራ ቆሎ በወረቀት ተቀምጧል።

«ምንድን ነው የምትበላው?»

«ቁጥር ሦስት» አለ ጉተማ፣ ሳያስበው።

ዘካሪያስ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ሽሮ ነው። ቅቤ አልነካውም። በሃምሳ?» ከዚያ ቆሎውን አየ። «ጥርስህን አሞህ ነው ቆሎ የምትቆረጥመው?»

ጉተማ ቆሎውን በወረቀቱ ሸፈነ። ዘካሪያስ እጁን ሳይታጠብ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና የቀረበለትን እየበላ ማሰብ ጀመረ፤ ይሄ ነው ጥፋቱ። ሰው በሃምሳ የጾም የሚበላው ለምንድን ነው? ንስሐ ገብቶ ነው። ሃምሳው እስኪያልፍ እንኳ መቆየት ያልቻለ ኃጢአት ምን ዓይነት ነው? ከባድ ነው። ሥጋ ሻጭ ከባድ ኃጢአት የሚሠራው በምኑ ነው? በሥጋው ነዋ! ራሱስ ከሥጋው መቅመስ ያቆመው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ሲደርስ ዘካሪያስ የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ።

ቃሉን ግን ማንም አልተናገረውም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። በቃሊቲ ምድር «አህያ» ያለ አንድ ሰው የለም። «ያቺ ነገር» አሉ፤ «ጆሮ ረጅሟ» አሉ። አንዱ ሾፌርማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጆሮ አድርጎ አሳየ እንጂ ትንፍሽ አላለም። እሱ በቃ። ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛዎቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኑ። ዓርብ የመጣው ሰው ሻይ ብቻ ጠጥቶ፣ የተሰቀለውን ሥጋ ከታች ወደ ላይ እያየ ሄደ። ጉተማ የቄራውን ማህተም እየጠቆመ «ይኸው እኮ!» ቢል፣ «ማህተሙንማ አየነው፤ አንተ ስትበላ ነው ያላየነው» አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የበሬ ግማሽ እንደተሰቀለ ዋለበት።

ነገሩን የገለጠለት ሱፍያን ነው። «ጋሽ ጉተማ፣ ጓደኛዎ እንዴት ነው?» ብሎ ጀመረና፣ «ሰው እርስዎ ንስሐ ገብተዋል እያለ ነው። በምን እንደሆነ ግን አይናገርም፤ ጆሮውን ነው የሚነካው» አለው። ጉተማ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አባቱ ትዝ አሉትና እንባው መጣ። አባትየው ስማቸውን በሩ ላይ ሲያጽፉ ቀለም ቀቢውን ሦስት ጊዜ ነበር ያስደገሙት።

እየሮጠ አባ ፍቅርተማርያም ዘንድ ሄደ። የንስሐ አባቱ ናቸው፤ የዘካሪያስም፣ የግማሹ ሰፈርም።

«አባ፣ ለእኔ ቀኖና ሰጥተውኛል?»

«በሃምሳ? ምን ነካህ ልጄ!»

«እንግዲያው አልሰጠሁትም ብለው ለሰው ይናገሩልኝ።»

አባ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «እሱስ አይሆንም። ዛሬ ለጉተማ አልሰጠሁም ብዬ፣ ነገ ስለ ሌላው ሲጠይቁኝ ዝም ካልኩ፣ ለዚያኛው ሰጥቻለሁ ማለቴ አይደል? የሰጠሁትንም ያልሰጠሁትንም አልናገርም።»

«አባ፣ ቤቴ ሊዘጋ ነው እኮ!»

አባ አዘኑለት። «በሃምሳ የንስሐ ጾም እንደማይታዘዝ በጠቅላላው ማስተማር እችላለሁ። እሑድ አስተምራለሁ፤ ያኔ ሁሉም ይገባዋል» አሉት።

ቃላቸውን አክብረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስተማሩ፤ ግሩም አድርገው አስተማሩ። ሕዝቡም ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ሲወጣ ምን አለ መሰላችሁ? «አያችሁ! በሃምሳ አይሰጥም አሉ። ለሱ ከሥርዓት ውጭ ነው የሰጡት። ነገሩ ምን ያህል ቢከብዳቸው ነው!» ዘካሪያስ ደግሞ በሩ ላይ ጠብቆ ፊት ለፊት ጠየቃቸው፤ «አባ፣ ለጉተማ ሰጥተውታል ወይስ አልሰጡትም?» አባ ፍቅርተማርያም ምስጢር ጠባቂ ካህን ናቸውና ወደ ሰማይ አዩ። ዘካሪያስም ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ሥጋ ቤቱ መጡ፤ ዘካሪያስ ከፊት፣ ሾፌሮቹና የሰፈሩ ሰው ከኋላ። ጉተማ ባዶ ጠረጴዛ እየጠረገ ነበር። ዘካሪያስ ባንኮኒውን ዞረ፣ ቢላውን አነሳ፣ ከሻኛው አንድ ጉራጅ ቆረጠ፣ አዋዜ ነካ አደረገና ወደ ጉተማ አፍ ዘረጋ።

«በሞቴ!» አለ።

በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል?

«አሥር ዓመት ደንበኛህ ነኝ» አለ ዘካሪያስ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብቻ አልነበረም፣ ልመናም ነበረበት። «ልጆቼን ከዚህ ቤት ነው ያበላሁት። ይቺን ጉረስልኝና እኔ ሰውን ሁሉ እየዞርኩ ይቅርታ እጠይቅልሃለሁ። አፈር ስሆን!»

ጉተማ ጉራጇን አየ። ትንሽ ናት። አንዲት ጉርሻ እግር አትቆርጥም። ግን ነገም ጠዋት አለ፣ ከነገ ወዲያም ጠዋት አለ፤ ዛሬ ከጎረሰ በየጠዋቱ ሊያዩት ነው የሚመጡት። ካልጎረሰ ደግሞ የአባቱ ስም ዛሬውኑ ከበሩ ላይ ይወርዳል። ሥጋውን ተቀበለ።

«እንዳትጎርሰው!» የሚል ጩኸት ከበሩ መጣ።

ወርቅውሃ ናት። ነጠላዋ መሬት ይጎትታል፤ አንድ እግሯ ሸበጥ፣ አንድ እግሯ ጫማ ነው። በአንድ እጇ መጽሐፉን፣ በሌላው ብጣሽ ወረቀት ይዛለች።

«ሰማችሁ?» አለ ዘካሪያስ ወደ ሰው ዞሮ። «ሚስቱ ናት እኮ! የገዛ ሚስቱ!» አንዱ ሾፌር ወጥቶ ደጅ ተፋ። ሌላው ባለፈው ወር የበላውን ሁሉ እያሰበ ነው መሰለኝ ግድግዳ ተደገፈ።

ወርቅውሃ ማንንም አላየችም። ባሏ ፊት ቆመች። «ቁጥር አሥራ ሁለትን ልሠራ መጽሐፉን ብገልጠው ይሄ ወደቀ» አለችና ወረቀቱን አሳየችው። የክሊኒኩ ውጤት ነው፤ ጉተማ ሰሞኑን ለገጽ ምልክት አድርጎት ኖሯል። «ስኳር አለብህ! ስኳር አለብህና ለእኔ ትደብቃለህ? ቁጥር ሦስት፣ ቁጥር ሰባት እያልክ እንደ ሕፃን ታጫውተኛለህ? ታደሰን ደግፌ ሐኪም ቤት ያመላለስኩት እኔ አይደለሁም? እግሩ ሲቆረጥ ውጭ ቆሜ ያለቀስኩት እኔ አይደለሁም?» አሁንም አለቀሰች።

«ወሬ እንዳይወጣ ብዬ ነው» አለ ጉተማ።

«ወሬ! እና ወሬው ቀረልህ?»

ዘካሪያስ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አነበበ፤ ለጎኑ ሰጠ፤ ወረቀቱ ዞረ።

«ስኳር ብቻ ነው?» አለ ዘካሪያስ በመጨረሻ።

«ስብም አለ» አለ ጉተማ አንገቱን ደፍቶ።

«የምን ስብ?»

«የሥጋ ነዋ። ሃያ ስድስት ዓመት በየጠዋቱ ስበላ!»

«የበሬ?»

«እና የምን ሊሆን ነው? የበሬ!»

ቤቱ ፈነዳ። «እግዚአብሔር ይመስገን!» የሚለው ይጮኻል፣ ጉተማን የሚያቅፈው ያቅፋል፣ ግድግዳ የተደገፈው ሰውዬ ቀና ብሎ አማተበ። ስኳር ብቻ! ስብ ብቻ! ዘካሪያስ ጠረጴዛ እየመታ «ባለቤቱን ያሳመመ ጮማ ነው እኮ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» አለና አንድ ኪሎ አዘዘ። ሁሉም አዘዘ። ለቀናት የተጠራጠሩትን ሥጋ፣ ሰው እንደሚያሳምም በሐኪም ወረቀት ሲረጋገጥላቸው እየተሻሙ በሉት። ወሬው እስከ ማረሚያ ቤቱ ዙሪያ ደርሶ ከዚያም ሰው መጣ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን መንጠቆው ላይ አጥንትና አንዲት የሻኛ ቁራጭ ቀሩ።

ጉተማና ወርቅውሃ ከባንኮኒው ጀርባ ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ ከምሳ ዕቃው ቁጥር ሰባትን አብረው በሉ። ወርቅውሃ አንዴ ታጎርሰዋለች፣ አንዴ ትቆነጥጠዋለች።

ዘካሪያስ ከሁሉ በኋላ ተነሳ። ወደ ባንኮኒው መጥቶ ተደገፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ባሥር ዓመት ውስጥ ጉተማ ዘካሪያስ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰምቶ አያውቅም።

«እንደው ሲጀምርህ ምን ምን ይልህ ነበር?»

«አፌ ይደርቃል። ውሃ ብጠጣ ብጠጣ አይበቃኝም። ሌሊት ሽንት ያመላልሰኛል። በመጨረሻም ዓይኔን ብዥ አለኝ።»

ዘካሪያስ እጁ ላይ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ቀስ ብሎ ወደ ጀርባው ወሰደው። ጉተማ በዘካሪያስ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጠረጴዛውን አየ። ሦስት ባዶ የውሃ ጠርሙስ ቆሟል።

«ለጓደኛዬ ነው የምጠይቅህ» አለ ዘካሪያስ።

«ጓደኛህ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እኩያዬ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና ድምፁን ከፍ አደረገ። «በል ለቤት አንድ ኪሎ ተኩል ቁረጥልኝ! ከቀረችው ሻኛም ጨምርበት!»

ጉተማ ቢላውን አነሳ። ሰዎች ገና አልወጡም፤ ሁሉም ይሰማል። ለደንበኛ ሥጋ ከለከለ ከተባለ ነገ ጠዋት ጆሮ የሚነካ አይጠፋም፤ ይሄን ያውቃል። ቢላውን መልሶ አስቀመጠ። መጠቅለያ ወረቀት ዘረጋ፣ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ መጽሐፉን መሐሉ ላይ አደረገ፣ የሽምብራ ቆሎውን ከላዩ ጨመረ፣ እንደ ሥጋ አድርጎ ጠቀለለና በገመድ አሰረ። ወርቅውሃ አየችው፤ «ስጠው፣ ቁጥር ሦስትን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ክሊኒክ ሂድ» አለው ጉተማ፣ ጥቅሉን እያቀበለ። «ጓደኛህን ማለቴ ነው።»

ዘካሪያስ ጥቅሉን ጨበጥ አደረገው። ሥጋ እንዳልሆነ ገባው። ጉተማን አየው፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ። በጠረጴዛዎቹ መሐል አልፎ በሩ ላይ ሲደርስ አንዱ ሾፌር ጠራው።

«ዘካሪያስ! ስንት አስቆረጥክ?»

«አንድ ኪሎ ተኩል» አለ ዘካሪያስ፣ ጥቅሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ። «ሁሉንም ከሻኛው።»